የመኪናው ሥዕል ለማን ይናገራል?

በመኪና ዳሽቦርድ ላይ የሚበሩት ትንንሽ ሥዕሎች ቋንቋ የማያሻቸው፣ ዓለም ሁሉ የሚረዳቸው ናቸው ይባላል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም አይ ኤስ ኦ 2575 በተባለው ደረጃ መልካቸውን ወስኗል። የቀለሙ ሥርዓት ሊመሰገን ይገባዋል፤ ቀይ ለአደጋ፣ ቢጫ ለጥንቃቄ፣ አረንጓዴ ለደኅና ሥራ ነው። የመንገድ መብራት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ስለ ሥዕሎቹ ግን ይህን ማለት አይቻልም።

የዘይቱን ምልክት እንመልከት። እጀታ ያለው፣ አፈ ረጅም፣ ጠብታ የሚወርድበት ዕቃ ነው። መነሻው የድሮ መካኒኮች የዘይት ቆርቆሮ ሲሆን፣ ዛሬ ዘይት በፕላስቲክ ዕቃ ስለሚሸጥ ወጣቶቹ እንኳ አያውቁትም። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጡትና በጎልማሳነታቸው መንዳት የተማሩት አጎቴ ግን ያዩት ጀበና ነበር። ከቤርሼባ ሲመለሱ ቀይዋ «ጀበና» በራች፤ ሞተሩ ሞቆ ይሆናል፣ ቤት ስደርስ ይበርዳል ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ምልክቱ የዘይቱ ግፊት ወርዷልና ሞተሩን አሁኑኑ አጥፋ ማለቱ ነበር። ብረት ከብረት ተፋተገ፤ ሞተሩ ከቤት ሳይደርስ ተቃጠለ። በጋራዡም «ማንበብ አትችልም ወይ?» ተባሉ። አጎቴ አማርኛም ዕብራይስጥም ያነባሉ፤ ያላነበቡት ማንም ያላስተማራቸውን ሥዕል ነው።

የጎማው ምልክትም ከዚህ አይሻልም። ሠዓሊው ጎማውን ለሁለት ሰንጥቆ፣ በመካከሉ ቃለ አጋኖ አቆመበት። ጎማን ተሰንጥቆ ያየ ነጂ ስንት ነው? ቃለ አጋኖስ በእኛ ጽሑፍ ለደስታም፣ ለአድናቆትም፣ ለቁጣም የሚገባ አይደለም? የአየር ማነስን ለብቻው አይናገርም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ሰዎችን ሥዕል እያሳዩ ትርጉሙን የሚጠይቁበት አይ ኤስ ኦ 9186 የተባለ የመፈተኛ ዘዴ አለ። ከሚጠየቁት መካከል በእርጅና ዋዜማ መሪ የጨበጡ ስደተኞችም ይኑሩበት። የግዕዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ስለገባ፣ ስክሪን ባለው መኪና ከሥዕሉ ጎን «የዘይት ግፊት የለም፤ ሞተር አጥፋ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ፊደል ላልቆጠሩ ወላጆቻችን ደግሞ ድምፅ ይጨመርላቸው።

እስከዚያው ግን፣ ውድ አንባብያን፣ አንድ ምሽት ከአባትና ከእናታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የመኪናውን መመሪያ ግለጡ፤ ከቀዮቹ ምልክቶች ጀምራችሁ አንድ በአንድ አስረዷቸው። «ያላወቁ አለቁ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ነጂው ሳያውቅ በቀረ ጊዜ፣ ሠዓሊውም ሳይጠይቅ መሣሉን አንርሳ።