«አባባ፣ እንደገና ይመርቁ!»

የእህቴ ልጅ በመጪው ጥር ልትዳር ነው። ሰሞኑን ደውላ «ጋሼ፣ እርስዎ ስለ ሥዕል ይጽፉ የለ? እንግዲያው ፎቶ አንሺ ያስመርጡኝ» አለችኝ። ዐውደ ርእይ አይቶ መተቸትና ሠርግ የሚያነሣ ሰው መምረጥ ለየቅል ናቸው ብዬ ላመልጥ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። በአንድ ቅዳሜ ሦስት ፎቶ ቤት አዞረችኝ።

በመጀመሪያው ቤት እንደ ወፍጮ መጅ የሚከብድ ላሚኔት አልበም ተዘረጋልን። ሙሽራው ፈረስ ይዞ፤ ሙሽሪት ሐይቅ ዳር ቆማ፤ ቬሎው በነፋስ ተበትኖ፤ ሙሽራው ደግሞ የእጅ ሰዓቱን እያየ (ለምን ሰዓቱን እንደሚያይ እስከ ዛሬ አልገባኝም)። በሁለተኛው ቤት የተዘረጋውም ያው ነው። ፈረሱ እንኳ ያው መሰለኝ! ብርሃኑ ጥሩ፣ ቀለሙ ጥሩ፤ ጥራቱን አልክድም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ገጽ አንዲት እናት ስታለቅስ፣ አንድ ሽማግሌ ሲመርቁ፣ አንዲት ጎረቤት ጠላ ስትቀዳ አላየሁም። ሠርጉ የለም። ያለው ሙሽሮቹ ከገዛ ሠርጋቸው ተነጥለው ፓርክ ለፓርክ ሲዞሩ የዋሉበት ሰዓት ነው።

«አንድ ሠርግ ከጠዋት እስከ ማታ እንዳለ ያሳዩን» አልኩት ባለቤቱን። ከሃምሳ ሠርግ ሃምሳ ምርጥ ፎቶ ለቅሞ ማሳየት ማንም ይችላል። ሙያው የሚለየው ጠባብ ሳሎን ውስጥ፣ ሚዜዎች በር ላይ ሲገፋፉ፣ ዘመድ ሁሉ ሞባይሉን ዘርግቶ ሲጋርድ በተነሣው ነው። ሰውየው ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ ደንበኛ የሚፈልገው ይኸን ነው» አለኝ። ዋሸ አልልም፤ የእህቴ ልጅ ዓይን ፈረሱ ላይ ነበር።

የድሮዎቹ አንሺዎች እንከን አልነበረባቸውም ለማለት አይደለም። ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ከቤድሮስ ቦያጂያን ዘመን ጀምሮ ሰውን ገትሮ ማንሣት የተለመደ ነው። ሆኖም 6 በ6 የሚያነሣው ካሜራ በአንድ ጥቅል ፊልም 12 ፎቶ ብቻ ነበር የሚያወጣው። ፊልሙ እንዳያልቅበት የሚሰጋ አንሺ ታዲያ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ አባትየው የትኛው ናቸው? አያት አሉ ወይ? በወላጆቼ አልበም ካሉት 11 ፎቶዎች አያቴ በሦስቱ ላይ አሉ። ዛሬ በሺህ የሚቆጠር ይነሣል፤ አያት ግን ከአበባው ጀርባ በግማሽ ፊታቸው ቢገኙ ነው።

የራሴን ልናገር። በ1984 ዓ.ም. ስዳር፣ የአባቴን ጉልበት በምስምበት ሰዓት የአንሺው ፍላሽ ሳይበራ ቀረ። «አባባ፣ እንደገና ይመርቁ!» አለ። አባቴ መጀመሪያ ሲመርቁኝ ድምፃቸው ተቆራርጦ፣ መዳፋቸው ራሴ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለተኛውን ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ ዓይናቸውን ካሜራው ላይ ተክለው መረቁኝ። አልበሜ ውስጥ ያለው ይኸ ሁለተኛው ነው። አባቴ ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው። ፎቶውን ባየሁ ቁጥር አንሺውን የሚመርቁ ይመስለኛል።

በሦስተኛው ቤት ያገኘነው ወጣት አንድ ሙሉ ሠርግ በኮምፒዩተር ከፈተልን። የተንጋደደ አለበት፤ የጨለመም አለበት። አንዱ ፎቶ ላይ ግን ቆየሁ። ከሰዎች ትከሻ መሐል የተነሣ ነው፤ ሙሽሪት አጎንብሳለች፤ የእናትየው ፊት አይታይም፤ የልጅቱን ጀርባ የያዘ እጅ ብቻ ይታያል።

«ለምን ወደ ፊት አልሄድክም?» አልኩት።

«ብሄድ እጃቸውን ያነሡት ነበር።»

ማን እንደሚመጣም ጠየቅነው። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ባሉት ጥቂት ሳምንታት ሠርግ ስለሚደራረብ፣ በስሙ የተመረጠው ሰው ቀርቶ ረዳቱ ሊላክ ይችላልና። «እኔው ነኝ፤ በቀን ከአንድ ሠርግ በላይ አልይዝም» አለን።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ የአባቴን ምርቃት ነገር አጫወትኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። በማግሥቱ ሄዳ የመረጠችው ግን ሁለተኛውን ቤት ነው፤ ባለ ፈረሱን። ሠርጉ የእሷ ነው፤ ምን እላለሁ? ፊርማ ቦርዱንና ታንክዩ ካርዱን ጨምሮ ተዋዋለች። ቀብድ ከመክፈሏ በፊት ግን ከውሉ ግርጌ በእጇ አንድ መስመር ጨምራለች፤ «ጉልበት ሲሳም አይደገምም»። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ አነበበውና ፈረመ።