ማንን ልክሰስ?

ሁሩታ የሚኖሩት አክስቴ ጭናቸው ውስጥ የገባው ብረት ተሰበረ። «ማንን ልክሰስ ልጄ?» አሉኝ። እኔ የማውቀው ማንበብ ነውና የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2085 ገለጥኩ። ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ያቀረበ፣ በወጉ ሲሠራበት ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። እሰየው! ቀጥሎ ግን ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ ይችል ከነበረ ኃላፊነት የለም ይላል። መርማሪው ማነው? ማደንዘዣ ወስደው የተኙት አክስቴ? ጥሬ ብረቱን ስለሸጠውማ አንቀጹ ትንፍሽ አይልም።

አሜሪካኖቹ ብለውበታል። ዱፖንት ለመንጋጋ ተከላ በዋለች የሳንቲም ቴፍሎን ደጋግሞ ስለተከሰሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ጥሬ ዕቃ አቅራቢን በአብዛኛው ነጻ የሚያወጣ ሕግ አወጡ። ተከላውን የሠራው ቪቴክ ግን ቀድሞ ከስሮ ነበር።

ይህንን ስነግራቸው፣ «ታዲያ ታማሚዎቹን ማን ካሳቸው?» አሉኝ። አንቀጹን ደግሜ አነበብኩት።