«ተአምር» ብለን የምንዘጋው ፋይል

በኳስ ወሬ ውስጥ እንደ «ተአምር» ሰነፍ የሆነ ቃል የለም። ትንሽ የተባለ ቡድን ትልቁን ባሸነፈ ቁጥር ተንታኙ ይጠራዋል፣ ጋዜጣው ርዕስ ያደርገዋል፣ እኛም በቴሌግራም እንቀባበለዋለን። ከዚያ በኋላ ጥያቄ የለም። ተአምር ከሆነማ ምን ይጠየቃል?

እንጀራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። በእኛ ሙያ ፕሮግራሙ ያልተጠበቀ ውጤት ሲሰጥ «ተአምር ነው» ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ሎጉ ይከፈታል፤ ማለትም ፕሮግራሙ ደረጃ በደረጃ ያደረገውን የመዘገበበት ፋይል። አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ውስጥ የሚገኘው አስማት ሳይሆን ማንም ልብ ያላለው ምክንያት ነው። የ2022ቱን የኳታር ዓለም ዋንጫ እስኪ እንዲህ እንክፈተው።

ሳዑዲ አረቢያ አርጀንቲናን 2 ለ 1 ስታሸንፍ፣ አርጀንቲና ለ36 ጨዋታ ሽንፈት አላየችም ነበር። ሜሲ በ10ኛው ደቂቃ በፔናሊቲ ሲያገባ ነገሩ ያለቀ መሰለ። ግን የመጀመሪያውን አጋማሽ ደግማችሁ እዩት። የሳዑዲ ተከላካዮች ወደ ራሳቸው ጎል ከመሸሽ ይልቅ ወደ መሀል ሜዳ ተጠግተው ቆመዋል። አርጀንቲና ሌላ ሦስት ጊዜ ኳሱን መረብ ውስጥ ከታው ሦስቱም በኦፍሳይድ ተሻሩ። ከእረፍት መልስ አል-ሼህሪ በ48ኛው፣ አል-ዳውሳሪ በ53ኛው ደቂቃ አገቡ። ይሄ በድፍረት የተገባበት ቁማር ነው። ሊከሽፍ ይችል ነበር፤ ቢከሽፍ 4 ለ 0 ይሆን ነበር። ቢሆንም ሐሳብ ያለው ቁማር ነው።

በማግስቱ ጃፓን ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈች። አሠልጣኙ ሀጂሜ ሞሪያሱ በእረፍት ሰዓት አሰላለፉን ቀይሮ በሦስት የመሀል ተከላካይ ተጫወተ። ጎሎቹን ያገቡት ተቀይረው የገቡት ሪትሱ ዶአንና ታኩማ አሳኖ ናቸው። ዶአን ያኔ የፍራይቡርግ፣ አሳኖ ደግሞ የቦኹም ተጫዋች ነበር፤ ሁለቱም የጀርመን ክለቦች ናቸው። ጀርመንን ያሸነፏት በየሳምንቱ እዚያው ሊጓ ውስጥ የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ታዲያ የማያውቃቸው ማን ነበር? እኛ እንጂ የጀርመን ተከላካዮች አይደሉም።

ሞሮኮ ጋ ስንመጣ ቃሉ ጭራሽ ያናድዳል። ዋሊድ ረግራጊ ቡድኑን የተረከበው ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ወር እንኳ ሳይቀረው ነው። እዚህ ላይ ካቆምን እውነትም ተአምር ይመስላል። ሎጉ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። ፖርቱጋልን በአንድ ጎል ያሰናበተው ዩሱፍ ኤን-ነስሪና አማካዩ አዘዲን ኡናሂ የወጡት ከመሐመድ ስድስተኛ አካዳሚ ነው፤ ያ ተቋም ሥራ የጀመረው ከዓለም ዋንጫው ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ከ26ቱ ተጫዋቾች 14ቱ የተወለዱት ከሞሮኮ ውጪ ነው፤ ስፔንን በመጨረሻዋ ፔናሊቲ የሸኘው ሀኪሚ ራሱ የማድሪድ ልጅ ነው። እነዚህን ልጆች ለቅሞና አሳምኖ ማምጣት የዓመታት ሥራ ነው። እስከ ግማሽ ፍጻሜው ድረስ ሞሮኮ የተቆጠረባት አንድ ጎል ብቻ ነበር፤ እሱንም በራሷ ላይ ያገባችው ራሷ ናት።

ጀርመን በ2014 ብራዚልን በገዛ ሜዳዋ 7 ለ 1 ስትረመርም የተወራው ስለ ሥርዓትና ስለ አደረጃጀት ነበር። አፍሪካዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ፍጻሜ ሲደርስ ግን ተረት ተባለ። ትልቅ ሲያሸንፍ ሥራው ይነገራል፤ ትንሽ ሲያሸንፍ ዕጣ ፈንታው። ይሄ ቃል ምርቃት ይመስላል እንጂ ቅሚያ ነው።

ዕድል የለም እያልኩ አይደለም። ኳስ ጎል የሚያንስበት ጨዋታ ስለሆነ አንዲት አጋጣሚ ዘጠና ደቂቃውን ትገለብጣለች። ስፔን ኮስታሪካን 7 ለ 0 አሸነፈች፤ ያቺው ኮስታሪካ ጃፓንን 1 ለ 0 ረታች፤ ጃፓን ደግሞ 18 በመቶ ገደማ ብቻ ኳስ ይዛ ስፔንን 2 ለ 1 አሸነፈች። ይሄን ሁሉ በዕቅድ ብቻ የሚያስረዳ ካለ ይምጣ። እኔ መለያ የማደርገው መደጋገምን ነው። ሳዑዲ ከዚያ በኋላ በፖላንድና በሜክሲኮ ተሸንፋ ከምድቧ ተሰናበተች፤ አርጀንቲና ዋንጫውን በላች። ሞሮኮ ግን ቤልጂየምን፣ ስፔንን፣ ፖርቱጋልን ተራ በተራ ጣለች። አንዴ ቢሆን ዕድል ነው ይባላል። ሦስቴ ሲሆን ግን ሥራ ነው።

ነገሩ የሚያንገበግበኝ ወደ ቤት ሲመጣ ነው። በ2013 ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው በዐሥር ሰው ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጡ። የዛምቢያ አሠልጣኝ ማን ነበር? ኋላ ሳዑዲን ይዞ አርጀንቲናን ያሸነፈው ሔርቬ ሬናርድ። የአዳነ ግርማን ጎል ዛሬም እናወራለን። ቀጥሎ በቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 መሸነፋችንን ግን እንዘለዋለን። እዚያ መድረክ ላይ ዳግም የታየነው ዘጠኝ ዓመት ቆይተን ነው። በሰኔ 2022 ደግሞ በማጣሪያው ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። «በሜዳችን» የተባለው ያ ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ውስጥ ነው፤ አገር ውስጥ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም ስላልነበረን። ከዚያ ማጣሪያም አላለፍንም።

ሁለቱንም ጊዜ ተአምር ብለን ጨፈርን፣ ፋይሉንም ዘጋን። በዐሥር ሰው እንዴት ተቋቋምን? ግብፅ ላይ የሠራው አጨዋወት ለምን አልቀጠለም? ጥያቄዎቹ ያኔም ነበሩ፤ ጭፈራው ዋጣቸው እንጂ።

ደስታው ይቅር አልልም፤ ሞሮኮ ፖርቱጋልን ስትጥል እኔም ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼያለሁ። ግን ጩኸቱ ሲበርድ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ ይሄ ቡድን ይሄን ነገ መድገም ይችላል ወይ? ካልቻለስ ምን ጎደለው? ሞሮኮ ለዚህ ጥያቄ የሰጠችው መልስ አካዳሚ ነው። የእኛን ግን ገና ማንም በወጉ አልጠየቀውም።