«ጌት»ን በአንድ ቃል?

አንድ አዲስ መምህር ሰሞኑን በዕረፍት ሰዓት ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ልጆቹ የእንግሊዝኛውን ‹ጌት› (get) ፍቺ ንገረን ብለው አስቸገሩኝ። ‹አገኘ› ብዬ ላጽፋቸው?» አለኝ። ተው አልኩት። ደብተር ለሁለት ከፍሎ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ ማስጻፍ ለጠረጴዛና ለወንበር ይሆናል። ለዚህ ግሥ ግን አይሆንም። «አገኘ»ን ብቻ የሸመደደ ልጅ «አይ ጌት አፕ ኧርሊ» ሲባል ምን እንደተገኘ ሲፈልግ ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

ከ«ጌት» ፍቺዎች ሰዉ የሚያውቀው ተነሳሁን፣ ደረስኩን፣ ገባኝን ነው፤ እሱን ልተወው። የእኔ ነገር ሌላ ነው፦ «ጌት» አማርኛ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የቻለ ቃል የለውም፤ ግሡ ውስጥ ተሸሽጎ ነው የሚኖረው። «ኢት ጎት ዳርክ» ጨለመ ነው፣ በቃ። «ማይ ፎን ጎት ስቶለን» ስልኬ ተሰረቀ፤ ሥራውን የሠራችው «ተ» ናት። «አይ ጎት ማይ ሹዝ ሻይንድ» ጫማዬን አስጠረግኩ። «ሺ ጎት ሂም ቱ ሳይን» ደግሞ አምስቱም ቃል ተጠቅልሎ አስፈረመችው ይሆናል። ሰሌዳው ላይ «አስ»ን በቀይ ጠመኔ አሰምርበታለሁ፤ ያኔ ከኋላ ወንበር «እ!» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ ያቀረቡት ያለ ምክንያት አይደለም። የቃል ዝርዝር የሚያስሸመድዱ ባልደረቦቼ ይህን መጽሐፍ ከመደርደሪያ ቢያወርዱት ክርክራችን ባጠረ ነበር። «ጌት» የመንደር ቃል ነው፣ በድርሰት አይጻፍ የሚሉም አሉ። ከ800 ዓመት በፊት ገደማ ከስካንዲኔቪያ ሰፋሪዎች ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ቃል ዛሬም እንግዳ ነው ማለት ነው?

እንግሊዝኛ ማስተማር ለእኔ ያተረፈልኝ አማርኛዬን ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን እህቴን ወደ ወፍጮ ቤት ስትልክ «ጤፉን አስፈጭተሽ ነይ» ትል ነበር። ፈጭተሽ ብትል እኮ እህቴ ድንጋዩ ላይ ልትጎብጥ ነው። ያችን «አስ» ልብ ያልኳት «ጌት»ን ሳስተምር ነው።

ፈተና አውጪዎች ሆይ፣ «ጌት»ን ያለ ዓረፍተ ነገር፣ ከአራት አማራጭ ፍቺ ጋር ብቻውን አታምጡብን።