ጎረቤት ሲመጣ የማይጣሉት ቦኖቦዎች

ሁለት የቺምፓንዚ ቡድኖች ድንበር ላይ ከተገናኙ ጩኸቱ ጫካውን ያናውጠዋል፤ አንዳንዴም ደም ይፈሳል። የቺምፓንዚ ተመራማሪዋ ጄን ጉዶል በታንዛኒያው ጎምቤ ደን ከ1974 እስከ 1978 እ.ኤ.አ. የመዘገበችው ግጭት አንዱን ቡድን ጨርሶ አጥፍቶታል።

ቦኖቦዎች ግን ሌላ ናቸው። ከኮንጎ ወንዝ በስተደቡብ፣ በዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ ብቻ የሚኖሩት እነዚህ የቺምፓንዚ የቅርብ ዘመዶች ጎረቤት ቡድን ሲያገኙ ይንጫጫሉ፤ ከዚያ አብረው ይበላሉ፣ ይቀማመላሉ፣ ግልገሎቹም ተቀላቅለው ይጫወታሉ። በኮኮሎፖሪ ጥብቅ ደን እንዲህ ተቀላቅለው ለቀናት የቆዩ ቡድኖች ታይተዋል። ምግብ ላይ ውጥረት ከተፈጠረ ደግሞ በመተሻሸትና በወሲብ ያበርዱታል። ነውር ነው የሚለው ሰው እንጂ እነሱ አይደሉም!

የሰላሙ ምሰሶ ሴቶቹ ናቸው። ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ከተወለዱበት ቡድን ወጥተው ባዕድ መሀል ይገባሉ፤ እዚያም የሥጋ ዝምድና ከሌላቸው ሴቶች ጋር ይወዳጃሉ። አስቸጋሪ ወንድ ከተነሣ ግንባር ፈጥረው ያባርሩታል። በጉልበት የሚበልጣቸው ወንድ ለኅብረታቸው መንገድ ሲለቅ ማየት በእውነት ያስደንቃል።

መላእክት ናቸው ማለት ግን አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ወንድ ቦኖቦዎች እርስ በርስ ከወንድ ቺምፓንዚዎች ይበልጥ ደጋግመው እንደሚጋጩ አሳይቷል። ቡድን ከቡድን ተዋግቶ ሲገዳደል ግን በዱር እስካሁን አልተመዘገበም።