ጀብዱውን ይተዉትና ስለ ጠመንጃው ያውጉን

መቼም ከድሮ ወታደር ጋር ቁጭ ብሎ ያወጋ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ጦርነቱ ለምን እንደተደረገ ብትጠይቁት መልሱ ከዘመኑ ጋዜጣ የተቀዳ ይመስላል። ስለ አዛዡ ብትጠይቁት ወይ ያሞግሰዋል ወይ ይራገመዋል። ስለ ጠመንጃው ስትጠይቁት ግን ሰውዬው ሌላ ይሆናል። ድምፁ ዝቅ ይላል፤ እጁ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ የሌለ መቀርቀሪያ ይስባል፤ የሌለ ጥይት ያጎርሳል። ሃምሳና ስድሳ ዓመት ያለፈውን ነገር፣ ክብደቱን፣ የዘይቱን ሽታ፣ የብረቱን ቅዝቃዜ፣ ትናንት ማታ የሆነ ያህል ይነግራችኋል።

ብዙዎቻችን ይሄን እንደ ሽማግሌ ጨዋታ ነው የምናየው። «ደግሞ ብረታቸውን ጀመሩ» ብለን ሻያችንን እንጠጣለን። የዛሬው ክርክሬ ተቃራኒው ነው። ከዘማች ትዝታ ሁሉ ይበልጥ የሚታመነው ይሄ የናቅነው የብረት ወሬ ነው እላለሁ። እኛ ግን ከራሳችን ዘማቾች የጠየቅነው ሌላ ሌላውን ነው።

እስቲ በቅድሚያ አሜሪካኖቹን እንይ። እነሱ ዘማቾቻቸው ያወሩትን ጽፈው ጽፈው አይጠግቡም፤ ስለዚህ ለመመዘን ይመቻሉ። (ዘመናቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።) በ1936 ሠራዊታቸው ኤም ዋን ጋራንድ የሚባለውን ጠመንጃ ተቀበለ። ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ስምንት ጥይት በአንድ ቆርቆሮ ማቀፊያ ታቅፎ ከላይ ይጎርሳል፤ ቃታው በተሳበ ቁጥር ራሱ እያቀበለ ይተኩሳል። ከ5 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ይሄ ሁሉ መጽሐፍ ላይ አለ።

ዘማቹ የሚነግራችሁ ግን ስለ አውራ ጣቱ ነው። ጥይቱን በአውራ ጣት ወደ ታች ሲጫኑት መቀርቀሪያው ተፈናጥሮ ወደ ፊት ይመጣል። ጣቱን ቶሎ ያላነሳ ምልምል ጥፍሩ ይጠቁራል። ነገሩ ከመብዛቱ የተነሳ ስም ወጥቶለት «የኤም ዋን አውራ ጣት» ተባለ። የትኛውም ጄኔራል በማስታወሻው ላይ ስለዚህ አይጽፍም። ጠመንጃውን የያዘው ግን በሰማንያ ዓመቱም አልረሳውም። በዚያች በጠቆረች ጥፍር ውስጥ ከእናቱ ቤት ወጥቶ ሦስት ሳምንት ያልሞላው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አለ።

አሁን ደግሞ ሌላ ወሬ ስሙ። ስምንተኛው ጥይት ሲተኮስ ባዶው ማቀፊያ «ጥንግ» ብሎ ይወረወራል። ጠላት ይህችን ድምፅ እየጠበቀ «ጥይት ጨረሰ!» ብሎ ይወጣ ነበር ይባላል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ፊልም ይሆናል። ግን እናስብበት። መትረየስና ሞርታር በሚጮህበት ቦታ፣ መቶ ሜትር ርቆ፣ ማን ነው ቆርቆሮ ስትጮህ የሚሰማው? ቢሰማስ፣ ከዚያ ወታደር ግራና ቀኝ ጥይት ያልጨረሱት ጓደኞቹ የት ሄደው ነው? እዚህ ላይ ትዝታው ከእጅ ወጥቶ ወደ ጆሮ ገብቷል። መለኪያዬም ይኸው ነው፤ እጅ የነካውን እመኑ፣ ጆሮ የሰማውን መርምሩ።

ይሄ ልዩነት የጨዋታ አይደለም፤ ሰው ሞቶበታል። በ1960ዎቹ አጋማሽ አዲሱ ኤም ሲክስቲን ጠመንጃ ቬትናም ገባ። ቀላል ነው፣ ዘመናዊ ነው፣ ማጽዳት ብዙም አያስፈልገውም ተባለለት። የመወልወያ ዕቃው እንኳን በበቂ አልተላከም። በዚያ ላይ የጥይቱ ባሩድ ዓይነት ተቀይሯል፤ ጥይቱ የሚቀመጥበት የብረት ቤትም በክሮም አልተለበጠም ነበር። ከዚያ መሣሪያው በውጊያ መሐል ይነክስ ጀመር። የተተኮሰው ቀለህ ውስጡ ተጣብቆ አልወጣም ይላል። ወታደሮች ቀለሁን በዘንግ ሊያስወጡ ሲታገሉ ተገደሉ።

ከላይ ያሉት ሰዎች መልስ ነበራቸው፤ «ወታደሩ አያጸዳም» አሉ። ልጆቹ ግን ለእናት ለአባታቸውና ለምክር ቤት አባላት ደብዳቤ ጻፉ። ስለ ፖለቲካው አልነበረም፤ ስለ ቀለሁ ነው። በ1967 የአሜሪካ ምክር ቤት ያቋቋመው፣ ሪቻርድ አይኮርድ የሚመሩት ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ የሠራዊቱን ኃላፊዎች ቸልተኝነት ወደ ወንጀል የተጠጋ ነው እስከ ማለት ደረሰ። ክሮሙ ተለበጠ፣ መወልወያውም መጣ። እንግዲህ «ብረት ማውራት» የተባለው ነገር የስንቱን ሰው ሕይወት እንዳተረፈ አስቡት። ወታደር ስለ ጦርነቱ ትክክለኛነት ቢናገር «አንተ ምን አገባህ» ይባላል። ስለ መሣሪያው ሲናገር ግን ማንም አፉን ሊያዘጋው አይችልም፤ ያየው እሱ ነዋ!

ከየብስ ወደ ባሕር እንሻገር። አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ያገለገሉትም ትዝታቸው እንደዚሁ ነው። ጄምስ ሚችነር የተባለው ደራሲ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ በእነዚህ መርከቦች ላይ ከርሞ በ1953 ስለ ቶኮሪ ድልድዮች ልብ ወለድ ጻፈ፤ በ1954 ፊልም ሆነ። የመጽሐፉ ሰው ከጥብቅና ሥራው ተነቅሎ ዳግም የተጠራ ፓይለት ነው። «ለምን እኔ?» እያለ ይብሰለሰላል። ጥያቄው ትልቅ ነው፤ አልንቀውም። ግን ደራሲው ከታች ላሉት፣ ዴኩ ላይ ለሚሯሯጡት የሰጣቸው ቦታ የአጃቢ ነው። በፊልሙም ዓይናችን በጀት አብራሪው ላይ እንጂ ሽቦውን በሚዘረጋው ልጅ ላይ አይቆይም።

የዴኩ ሰው ጥያቄ «ለምን?» አይደለም፤ «ሽቦው ይይዝ ይሆን?» ነው። በኮሪያ ጊዜ የነበሩት መርከቦች ዴካቸው ቀጥ ያለ ነበር። የሚያርፈው አውሮፕላን ከጅራቱ በኩል ባለው መንጠቆ ከተዘረጉት ሽቦዎች አንዱን መያዝ አለበት። ካልያዘ ወደፊት ተወርውሮ መከላከያ መረብ ላይ ይወድቃል፤ መረቡም ካላቆመው ከፊት የቆሙት አውሮፕላኖች መሐል ይገባል። ፓይለቱን የሚመራው ዴኩ ጫፍ ላይ በሁለት እጁ ምልክት የሚያሳይ አንድ ሰው ነበር። እንግሊዞች ያፈለቁት የዘመመ ዴክ፣ የማረፊያ መስታወትና በእንፋሎት የሚወነጭፍ ማስነሻ በብዛት የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ኋላ ጨረቃን የረገጠው ኒል አርምስትሮንግ በ1951 ኤሴክስ ከምትባል እንዲህ ያለች መርከብ ይበር ነበር። ስሙን ሁላችንም እናውቃለን። ሽቦውን የዘረጋለትን ማን ያውቀዋል?

ዴክ ላይ ጆሮ አይሠራም፤ ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ ሰው ሁሉ በእጅ ምልክት ነው የሚነጋገረው። በኋላ የሸሚዙ ቀለም ሥራውን የሚናገር ሆነ። ቢጫው አውሮፕላን ይመራል፣ ቀዩ ቦምብና ሮኬት ይጭናል፣ ሐምራዊው ነዳጅ ይሞላል፣ አረንጓዴው ማስወንጨፊያውንና ሽቦውን ይጠብቃል። ሞተር አንዲት ብሎን ከዋጠ ያበቃለታልና ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈው ዴኩን ከዳር እስከ ዳር እየቃኙ ብሎን ይለቅማሉ። እንዲህ ያለ ሰው ቢያረጅም መሬት መሬት ማየቱን ይተዋል ብላችሁ ነው?

ሐምሌ 29 ቀን 1967 ፎረስታል በተባለችው መርከብ ላይ አንድ ሮኬት በኤሌክትሪክ ችግር ሳይታሰብ ተተኮሰ። በነዳጅ የተሞላ አውሮፕላን መታና እሳት ተነሳ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቦምብ ፈነዳ። ለእሳት ማጥፋት የሠለጠኑት ፊት ላይ ስለነበሩ አብዛኞቹ ወዲያው አለቁ። የተረፉት ያልሠለጠኑት ልጆች የባሕር ውኃ ቱቦ ይዘው ተሯሯጡ፤ ሌሎች የረጩትን አረፋም ሳያውቁ አጥበው አስወገዱት። 134 ሰው ሞተ። ይሄን የተረፉት ናቸው የተናገሩት፤ «እኛው ራሳችን አረፋውን አጠብነው» ብሎ መናገር ቀላል አይደለም። ከዚያ በኋላ የባሕር ኃይሉ የእሳቱን ፊልም ለየምልምሉ ማሳያ አደረገው፤ እያንዳንዱ መርከበኛ እሳት ማጥፋት መማር አለበት ተባለ። የእጅ ትዝታ ደንብ ሆነ ማለት ነው።

በዚያው እሳት ላይ የጆሮ ትዝታም አልጠፋም። ከአውሮፕላኖቹ በአንዱ ውስጥ የነበረው ጆን ማኬይን፣ ኋላ በ2008 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር፣ «እሳቱን ያስነሳው እሱ ነው» ተብሎ ተወራ። ሐሰት ነው፤ ሮኬቱ የተነሳው ከሌላ አውሮፕላን ነው። አያችሁ ልዩነቱን? አንዱ ትዝታ ራስን ይከሳል፣ ሰው ያድናል። ሌላው ሰው ይከሳል፣ ማንንም አያድንም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በግንቦት 1951 የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር ፑሳን ወደብ ደረሰ። በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆኖ የአሜሪካ መሣሪያ ታጠቀ፤ ያ ጣት የሚያጠቁረው ኤም ዋን የእኛም ልጆች ትከሻ ላይ ዋለ። በጦርነቱ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል። ታዲያ ስለ እነዚህ ሰዎች ማናችንም የምናውቃት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «አንድም አልተማረከም»። የምታኮራ ናት። ግን እሷን ከጠየቅን በኋላ ሌላ ጠየቅን ወይ? በዚያ ብርድ የጠመንጃው ዘይት ምን ይሆን ነበር? ጥይቱን በጓንት ነው ወይስ በባዶ እጅ የሚያጎርሱት? አውራ ጣታቸውስ?

ይሄን የጠየቀ አሜሪካዊ ነው። ኤስ ኤል ኤ ማርሻል ወታደሮችን ከውጊያ እንደተመለሱ ሰብስቦ «ከዚያስ? ከዚያስ ምን አደረግህ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። በ1956 ባሳተመው «ፖርክ ቾፕ ሂል» መጽሐፉ የኢትዮጵያውያኑን የሌሊት ቅኝት በዝርዝር ተርኳል። ማርሻልን በጭፍን እመኑት አልልም፤ ቀድሞ በ1947 መጽሐፉ «በውጊያ ላይ የሚተኩሰው ከአራት ሰው አንዱ ቢሆን ነው» ያለውን ቁጥር ከየት እንዳመጣው በ1980ዎቹ የመረመሩት ሰዎች ማስረጃ አላገኙለትም። ሰውዬው ማጋነን ይወዳል። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ያንን ጥያቄ ቀድመን መጠየቅ የነበረብን እኛ ነን።

ለምን አልጠየቅንም? አንደኛ፣ የጦር ወሬያችን ቅርጹ ፉከራ ነው። ፉከራ ጠመንጃን አይረሳም፤ ውጅግራና ምንሽር ብሎ በስም ይጠራል። ነገር ግን በፉከራ ውስጥ ጠመንጃ አይነክስም፣ አይከብድም፣ አይቀዘቅዝም። ሁለተኛ፣ ዘመኑ አልፈቀደም። ቃኘው የክቡር ዘበኛ ልጅ ነበረ፤ በታኅሣሥ 1960 ክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ሲከሽፍ ስሙ ከበደ። ከ1974 በኋላ ደግሞ ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ፣ ኮሪያ ዘምቶ ከኮሚኒስት ጋር ተዋግቻለሁ ማለት ሜዳሊያ የሚያስደብቅ ነገር ሆነ።

«ጠመንጃ ጠመንጃ የምትለው፣ ይህች አገር ጠመንጃ መውደድ አንሷት ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሴ ግን ጠመንጃ የሚያስወድደው ፉከራው ነው የሚል ነው። እውነተኛው የጠመንጃ ትዝታ ፍቅሩን ያበርደዋል። የጠቆረ ጥፍር፣ የነከሰ መሣሪያ፣ የታጠበ አረፋ የሰማ ወጣት ጦርነትን ዘፈን ነው ብሎ አይሄድም። ከ1998 እስከ 2000 ባድመ የዋሉ፣ ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ጦርነት በየወገኑ የተሰለፉ ሰዎች ዛሬ በየቤታችን ተቀምጠዋል። እነሱንም ወይ ጀግና ወይ ሌላ ስም እየሰጠን አፋቸውን እየዘጋን ነው።

የኮሪያ ዘማቾቻችን ግን ፋታ የላቸውም። በሕይወት ያሉት ዘጠና ዓመት ገደማና ከዚያ በላይ ናቸው። በበዓል ቀን ሜዳሊያቸውን ደርድረው ሲመጡ ፎቶ እንነሳለን፣ «ኮርተንብዎታል» እንላለን፣ እንሄዳለን። በሚቀጥለው ጊዜ ወንበር ሳቡና ጠጋ በሉ። «አባባ፣ ያ ጠመንጃ እንዴት ነበር የሚጎርሰው?» በሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ እጃቸውን ተመልከቱ።