ለእግር የሚጻፍ ዜማ

የእንግሊዞች ባህላዊ «ካንትሪ ዳንስ» (ከአሜሪካው የካንትሪ ሙዚቃ ጋር ሊምታታ አይገባም) ለብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው በፊልም ነው። ቢቢሲ በ1995 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ድራማ ኤልዛቤትና ዳርሲ የሚደንሱበት «ሚስተር ቤቨሪጅስ ማጎት» በ1695 የታተመ ዜማ ነው። ልብ ወለዱ የወጣው በ1813 በመሆኑ ባለታሪኮቹ የመቶ ዓመት ዕድሜ ባለፈው ዳንስ ሲሽከረከሩ ይታያሉ። የታሪክ ተመራማሪ በዚህ ቅር ቢሰኝ አይፈረድበትም፤ ተመልካቹ ግን የተጎዳው ነገር የለም፤ ዜማው ዛሬም እግር ያነሣል። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ይህ ሙዚቃ በሣጥን ተቆልፎ የኖረ ቅርስ ነው የሚለውን ግምት ማጠንከሩ ነው።

ግምቱ ስሕተት ነው። የለንደኑ አሳታሚ ጆን ፕሌይፈርድ በ1651 ባወጣው «ዘ ኢንግሊሽ ዳንሲንግ ማስተር» 105 ዳንሶችን ሲያሳትም፣ ለየዳንሱ የሰጠው አንድ ነጠላ የዜማ መስመር ብቻ ነው። ባስ የለው፣ ኮርድ የለው፣ አጃቢ የለው። ሴሲል ሻርፕ ከ1911 ጀምሮ የፕሌይፈርድን ዳንሶች እየተረጎመ ለአዲስ ትውልድ ሲያቀርብ አጃቢውን የፒያኖ ድምፅ ራሱ መጻፍ ነበረበት። እንግዲህ ዛሬም ለዚህ ዳንስ ፒያኖ ላይ የሚቀመጥ ሙዚቀኛ፣ ወደደም ጠላም፣ ግማሽ ደራሲ ነው።

ነፃነቱ ግን ገደብ አለው። በተለመደው አሠራር ዜማው ሁለት ክፍል ሲኖረው፣ እያንዳንዱ ክፍል ስምንት ባር ሆኖ ይደገማል፤ ድምሩ 32 ባር ነው። በዚህ ውስጥ ጥንዶቹ የዳንሱን ቅርጽ ጨርሰው ቦታ ይለውጡና ከሌሎች ጥንዶች ጋር ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ዜማውም ከሀ ይጀምራል፤ ሰባት፣ ስምንት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። የዳንሱ መሪ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በቃል ከመራ በኋላ ዝም ይላል፤ ከዚያ ወዲያ መሪው ሙዚቃው ነው። ሙዚቀኛው የዜማውን ሐረግ መጨረሻ ካደበዘዘው ሰልፉ ይፈርሳል። ሳይለዋውጥ ከደጋገመውም በአምስተኛው ዙር ላይ እግሮች ይዝላሉ።

የቦስተኑ «ቤር ኔሰሲቲስ» ባንድ ውለታ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ፒያኖ ተጫዋቿ ጃክሊን ሽዋብና ባልደረቦቿ ኅብረ ድምፁን በመድረኩ ላይ በቅጽበት እየፈጠሩ፣ አንዱን ዙር ከሌላው እያለያዩ፣ የሐረጉን ወሰን ግን ሳያፈርሱ ይጫወታሉ። የባንዱ አባል ኬት ባርንስም ዜማዎቹን ከነኮርዳቸው በመጽሐፍ ሰብስባለች። አርአያነታቸው ብዙዎችን አፍርቷል፤ ሁሉም ግን አልተሳካለትም። ፒያኖው እንደ ጎርፍ ሞልቶ ዜማውን ሲውጠው ዳንሰኛው የሚረግጥበትን ያጣል።

በአዲስ ድርሰት በኩል ፓት ሾው (1917–1977) አሁንም አልተበለጠም። በ1974 የደረሰው «ሌቪ ጃክሰን ራግ» የአሜሪካን ራግታይም ወደ እንግሊዝ ዳንስ አስገብቶ ለአምስት ጥንዶች ያደላድላል። ድፍረቱን የማይወድ ሊኖር ይችላል፤ ዳንሰኛው ግን ሐረጉ የት እንደሚያበቃ ለአፍታም አይጠራጠርም።

ዛሬ እየበዙ ስለመጡት ዝግተኛ ዋልዞች ይህን ያህል በልበ ሙሉነት መናገር ያስቸግራል። ብዙዎቹ ያማሩ ናቸው፤ ችግራቸውም ይኸው ማማራቸው ነው። ትካዜያቸው ዳንሰኛውን በመስመር ላይ የቆመ አድማጭ ያደርገዋል፤ አንድ ምሽት ላይ ሦስት አራቱ ሲከታተሉም አዳራሹ ይተክዛል። ለመደመጥ የተጻፈ ሁሉ ለዳንስ አይሆንም ማለት ግን አይደለም። ሄንሪ ፐርሰል «አብደላዘር» ለተባለው ተውኔት በ1695 የደረሰው አንድ ዜማ ከሦስት ዓመት በኋላ «ሆል ኢን ዘ ዎል» በሚል ስም ዳንስ ሆኖ ታተመ፤ እስከ ዛሬም ይደነሳል። የተጻፈው ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ቢሆንም፣ እያንዳንዱ ሐረግ አንድ እርምጃ የሚያህል ትንፋሽ አለው።

ባንድ መቅጠር የማይችሉ ክበቦች በተቀዳ ሙዚቃ ይጠቀማሉ፤ አይወቀሱም። ቅጂው ግን የተቀዳለትን ዙር ቆጥሮ ያበቃል። ባንዱ ደግሞ፣ መጨረሻ የቆሙት ጥንዶች ገና ከላይ አለመድረሳቸውን አይቶ፣ አንድ ዙር ይጨምርላቸዋል።